የጥርስ ምርቃት

ዛሬ ጠዋት በቶሪኖ፣ ሳን ፓውሎ ሰፈር ውስጥ፣
ለአባቴ ጥርስ ገባለት፤ ሁለት ረድፍ፣ የሚያብለጨልጥ።
ሐኪሙ መስታወት ቢሰጠው ቀረብ ራቅ አድርጎ አየው፤
«ይሄ ሽማግሌ» አለኝ፣ «የማንን ጥርስ ነው የያዘው?»

አምስት ዓመት በሾርባ፣ በአጥሚት፣ በቀጭን ሽሮ የኖረ፣
ሥጋ ሲበላ ባየ ቁጥር ፊቱን ወደ መስኮት ያዞረ፣
«ዛሬስ» አለኝ ደረጃው ላይ፣ «ሾርባሽን ለጎረቤት ውሻ ስጪ፤
ለኔ የሚታኘክ አምጪ።»

ሲኞር ኦሬስቴ ሥጋ ቤት ሄድሁ። ነጭ ሽርጡን እንደታጠቀ
«ለስንት ሰው?» ብሎ ጠየቀ።
«ለአንድ አፍ ነው» አልሁት፣ «ገና ዛሬ ለተወለደ።»
ገባው አልገባው እንጃ፤ ራሱን ነቅንቆ ወደ ሽንጡ ሄደ።
ረጅሙን ቢላ ደጋግሞ ስሎ፣
ሁለት ጣት ውፍረት አወጣልኝ፤ ቀይ፣ ስቡ መሃል ለመሃል ሐረግ ስሎ።
«አታስቸኩዪው» አለኝ በወረቀት እየጠቀለለ፤
«ሥጋ የሚከፋው ሰው ሲቸኩል ነው» አለ።

እውነቱን ልናገር፤ እኔ የማውቀው ሁለት ነው፦
ወይ ጥሬውን በአዋዜ፣ ወይ ድርቅ እስኪል የተጠበሰው።
መካከሉን፣ ያን ከውጭ ጠይም፣ ከውስጥ ጽጌረዳ፣
ማን አስተምሮኝ? ከየት ልቅዳ?

አንድ ሰዓት ሙሉ ሥጋው ጠረጴዛ ላይ ብርዱን ሊያራግፍ ተቀመጠ፤
በንጹሕ ጨርቅ አደረቅሁት፤ ጨው ነሰነስሁ፤ ጨዉ ቀስ ብሎ ሰመጠ።
ማጀት ገብቶ የማያውቀው አባቴ፣ መቃኑን ተደግፎ፣
አንድ እግሩን ብቻ አሳልፎ፣
ያየኛል።

እጄ ወደ ሥጋው ሲሄድ «ቆይ!» አለ፣ «ብረቱ መች ሞቀ?
ሞተር ሳያሞቅ ማርሽ ያስገባ ዳገት ላይ ወደቀ።
ሠላሳ ዓመት ፊያት ነድቻለሁ፤ ሽቅብ ጨው፣ ቁልቁል ቡና፤
ይቺን ታህል አውቃለሁና።»

(በመጣ በሦስተኛው ቀን «ፋብሪካውን አሳዪኝ» ብሎ ወሰድሁት።
ገበያ አዳራሽ ሆኗል። እንደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳውን ሲዳስስ አየሁት።)

ጭሱ ቀጠን ብሎ ሲነሳ «አሁን ልቀቂ!» አለኝ፤
ሥጋው ብረቱን ሲነካ ዶፍ ቆርቆሮ ላይ የወረደ መሰለኝ።
ሦስት ደቂቃ። አልነካካሁትም። ገለበጥሁት። ጀርባው እንደ ኮርቻ ጠቁሯል።
ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠል፤ ቅቤው አረፋ ደፍቆ ይዘላል፤
መጥበሻውን አዘንብዬ በማንኪያ እየጨለፍሁ አጠጣሁት፤
ያ ውሻ ከግድግዳው ማዶ ሲያለቅስ ሰማሁት።

አውርጄ ቢላ ሳነሳ «ይረፍ እንጂ!» አለና እጄን ያዘኝ፤
«ዳገት የወጣ ሞተር ሳይበርድ አይከፈትም» ሲል ገሠጸኝ።

ሥጋው በወረቀት ተከናንቦ እስኪያርፍ አምስት ደቂቃ ነበረን።
በዚያች አምስት ደቂቃ፣ አርባ ዓመት የዋጠውን አወጣው።
«ይመር የሚባል ረዳት ነበረኝ፤ የሐርቡ ልጅ፤ ሳቁ ቀድሞት የሚመጣ።
ጣርማበር አናት ላይ ውሃው ፈላ። እኔ ነኝ፣ ሳይመሽ እንግባ ብዬ፣
ክዳኑን ክፈት ብዬ የላክሁት፣ በቁጣ።
ፊቱ...» አለ።
ከዚያ ወዲያ አልሄደም።
የምድጃው ደወል ጮኸ። ሁለታችንም ደነገጥን።

ክሩን አግድም ቆረጥሁት፤ ቢላው ያለ ድምፅ ሄደ፤
መረቁ ሳህኑ ላይ ጠብታ ያህል ወረደ።
አባቴ አንድ ቁራጭ አነሳ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ መዳፉን መንጋጋው ላይ አድርጎ፣
ከቦኔት ሥር እንደሚያዳምጥ መካኒክ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣
አኘከ።
እኔ ሹካዬን እንደያዝሁ ጠበቅሁ።
«ድምፁ ደህና ነው» አለኝ በመጨረሻ። «ለስላሳ ነው።»

አንዷን ቁራጭ ወደ ሳህኑ ጠርዝ ገፋት።
ለማን እንደሆነች አልጠየቅሁም፤ እሱም አልበላት።

ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ፣
ጥርሶቹ ብርጭቆ ውስጥ፣ በጨለማ፣
ብቻቸውን ይስቁ ነበር።